መስቀሉ የማን ነው?

ጓደኛዬን ያገኘኋት አንድ አርብ ከሰዓት፣ ሃያ ሁለት አካባቢ ካፌ ውስጥ ነው። እሷ ማኪያቶ አዘዘች፣ እኔ ስፕሪስ። ሁለታችንም ጴንጤዎች ነን። ነገር ግን እናቴ ኦርቶዶክስ ስለሆነች አርብ ቀን ወተት በጠጣሁ ቁጥር ከጀርባዬ ቆማ የምታየኝ ይመስለኛል። ልማድ ነው እንግዲህ።

መነጽሯን አላወለቀችም። "ቤት ውስጥ የፀሐይ መነጽር የሚያደርገው ወይ አርቲስት ነው ወይ ባለዕዳ" ብዬ ልቀልድባት አፌን ስከፍት ራሷ አወለቀችው። ግራ ዓይኗ ሥር በልዟል። ቀልዱን ዋጥኩት።

"መታኝ" አላለችም። "ተጋጨን" ነው ያለችው፣ ልክ እንደ ሁለት ሚኒባስ። ሦስተኛ ጊዜው እንደሆነ የነገረችኝ ቆይታ፣ ስኒዎቹ ከተነሱ በኋላ ነው።

"ለሽማግሌዎቹ ነግሬያቸው ነበር" አለች።

"እና ምን አሉሽ?"

"ጸለዩልኝ።"

"ከጸለዩ በኋላስ?"

"ጌታን መከተል ዋጋ ያስከፍላል አሉኝ። ራስሽን ክደሽ መስቀልሽን ተሸከሚ፣ ይሄ ያንቺ መስቀል ነው አሉኝ።"

እኔ የተመረቅኩት በጋዜጠኝነት ነው። ጥያቄ መጠየቅ ነው የተማርኩት ማለት ይቻላል። ያን ቀን ግን አንድም ጥያቄ አልመጣልኝም። ሂሳብ ከፍዬ ታክሲ ተራ ድረስ ሸኘኋት። ስንሰነባበት "ጸልዪልኝ እሺ" አለችኝ፣ "እሺ" አልኳት። ይህ ከሆነ አራት ወር አልፎታል። (ጽሑፉን ከመለጠፌ በፊት አንብባዋለች። ማንነቷን የሚያሳውቁ ነገሮችን ቀያይሬያለሁ። "መነጽሩን ግን ተይው" ያለችኝ ራሷ ናት።)

ጥያቄው የመጣልኝ ታክሲው ከሄደ በኋላ ነው። መስቀሉ የማን ነው?

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ራስን መካድ የሚባለው ነገር በእኛ ከተማ ቀልድ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። የጾም ኬክ አለ። የጾም በርገር አለ። ሁዳዴን 55 ቀን ጾማ ኪሎ የጨመረች የሥራ ባልደረባ አለችኝ፤ ራሷ ናት እየሳቀች የምትናገረው። በእኛ በኩል ያለውም የተሻለ አይደለም። የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ይታወጃል፤ በሦስተኛው ቀን ማታ የት እንደምንበላ የቡድናችን ቴሌግራም ላይ ከጠዋት ጀምሮ ክርክሩ ይጦፋል። ደግሞ "ዘር ዝራ" የሚባለው አለ። የወር ደሞዝህን መድረኩ ላይ አስቀምጥ፣ እጥፍ ሆኖ ይመለስልሃል ይሉናል። እጥፍ ሆኖ እንደሚመለስ ቃል የተገባለት ገንዘብ ምኑ ነው መሥዋዕት? ባንክ ባስቀምጠው ቢያንስ ደረሰኝ ይሰጡኛል።

አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ደብረ ብርሃን ነበር የምትኖረው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሷን ልንጠይቅ ስንሄድ ብዙ ጊዜ ፍልሰታ ላይ እንደርሳለን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። ጠዋት ግን የራሷን ድርሻ ለይታ፣ ሸፈን አድርጋ ጥግ ላይ ታስቀምጣለች። የቆሎ ተማሪዎች ደጁ ላይ ቆመው ሲለምኑ እሱኑ አንስታ ትሰጣቸዋለች። አንድ ቀን "እማማ፣ አንቺስ ምን ልትበዪ ነው?" ብዬ ጠየቅኳት።

"የተውኩት'ኮ የኔ አይደለም" አለችኝ።

ያኔ ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመቴ ነው፤ አልገባኝም። አሁን ሳስበው አያቴ ጾመች ማለት አንድ እንጀራ ከእሷ ሰፌድ ተነስቶ የሌላ ሰው ሆድ ውስጥ ገባ ማለት ነበር። እሷ አጣች፣ ልጁ በላ። በአያቴ ደጅ የተራበው ልጅ "አንተም ጹም፣ ለነፍስህ ይጠቅማል" ተብሎ የተሸኘበት ቀን አልነበረም።

ለጓደኛዬ የተነገራት ግን ልክ እንደዚያ ያለ ነገር ነው። የተራበን ጹም ማለት።

እስቲ ወደ ቃሉ እንመለስ። ራስን ስለ መካድና መስቀል ስለ መሸከም የሚናገረው ክፍል በማቴዎስ 16፣ በማርቆስ 8 እና በሉቃስ 9 ላይ አለ። ሉቃስ ብቻ "ዕለት ዕለት" የሚል ይጨምራል፤ ሰባኪዎቻችን ይህችን ቃል በጣም ይወዷታል። እኔም እወዳታለሁ። ነገሩ የአንድ ቀን ጀግንነት አለመሆኑን ትነግረኛለች። ነገር ግን ከእሷ ቀድሞ የሚመጣውን እንዘለዋለን። ንግግሩ የሚጀምረው "ቢወድ" ብሎ ነው፤ መውደድ አለበት፣ ፈቃድ አለበት። ቀጥሎ ደግሞ "ራሱን" ይላል። የሚካደው የገዛ ራስ ነው፤ ሚስት፣ የቤት ሠራተኛ፣ ታናሽ እህት አልተባለም። ሦስቱንም ወንጌላት ደጋግሜ አየሁ፤ ለሌላው ሰው መስቀሉን ቁረጡለት የሚል የለም።

አይ፣ አንድ ቦታ አለ። በወንጌል ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው ሳይወድ በግድ መስቀል እንዲሸከም ተደርጓል፤ የቀሬናው ስምዖን። ያስገደዱት የሮም ወታደሮች ናቸው። እንግዲህ "ይሄ ያንቺ መስቀል ነው" ብሎ ትከሻዋ ላይ የሚጭን ሰው በዚያ ታሪክ ውስጥ የቆመው ከማን ጎን እንደሆነ ራሳችሁ ፍረዱ።

"እናንተ ዘመናዊ ልጆች መስቀል የሚባል ነገር አትፈልጉም" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በእርግጥ መስቀል የማይፈልግ ትውልድ ነን፤ ከራሴ ልጀምር ካላችሁም ወደ ኋላ ላይ እመጣበታለሁ። ግን ራስን መካድ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ወደ ሮም መሄድ አያስፈልገንም። ከሃያ ሁለት በእግር የሚደረስበት ቦታ ላይ ተፈጽሟል።

ስለ ቄስ ጉዲና ቱምሳ የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው፣ ስለ ደርግ ዘመን የቤት ሥራ ስሠራ። ይህ እስካሁን ያናድደኛል። ሰንበት ትምህርት ቤት የጳውሎስ መርከብ የተሰበረበትን ደሴት ስም ሳይቀር አስጠንተውኛል፤ ኡራኤል ጋ ስለታፈኑት ሰው ግን አንድ ቃል የነገረኝ አልነበረም።

ቄስ ጉዲና የወለጋ፣ የቦጂ ሰው ናቸው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1964 ዓ.ም. ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን የላከችው ታዋቂ ደብዳቤ የእሳቸው አሳብ ያለበት ነው። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ባጭሩ ሲነገር፣ ሰውን ነፍስና ሥጋ ብላችሁ ለሁለት አትክፈሉት የሚል ነው። ለስብከት ሌላ ሳጥን፣ ለልማት ሌላ ሳጥን አታዘጋጁ፤ ወንጌል የሚመጣው ለሙሉ ሰው ነው። ይህን ሳነብ የጓደኛዬ ዓይን ትዝ አለኝ። ለነፍሷ ጸልየውላታል። ዓይኗስ የማን ድርሻ ነበር?

ደርግ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች የአብዮቱ ድምፅ እንዲሆኑለት ይፈልግ ነበር። ቄስ ጉዲና ታሰሩ፣ ተፈቱ፣ እንደገና ታሰሩ፣ እንደገና ተፈቱ። ሁለተኛ ከተፈቱ በኋላ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር፤ በነገሩ ውስጥ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ሳይቀሩ ነበሩበት። እሳቸው ግን በዚህ የመከራ ጊዜ ሕዝቤን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ኡራኤል ከሚገኘው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከባለቤታቸው ጋር ታፈኑ። ከዚያ በኋላ በሕይወት ያያቸው ወዳጅ የለም። አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም.፣ በራስ አሥራተ ካሳ ግቢ ውስጥ ነው። የፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም አፅም የተገኘው እዚያው ግቢ ነው። በሕይወት እያሉ አንድ ጣሪያ ሥር ለማምለክ የማይችሉ የሚመስላቸው የሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን ይህችን ነገር ቢያስቧት ደስ ይለኛል። (ይህ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ እንለፈው።)

ቄስ ጉዲና በዚያ የመጨረሻ ሰሞን በጻፉት ጽሑፍ ውስጥ ክርስቶስን ለመከተል የተጠራ ሰው ለመሞት ተጠርቷል የሚለውን አሳብ አንስተዋል። አሳቡ መጀመሪያ የጀርመናዊው ፓስተር የዲትሪክ ቦንሆፈር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ስለ ደቀ መዝሙርነት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። የቦንሆፈርም ታሪክ ይመሳሰላል። በ1939 ወዳጆቹ ከናዚዎች እጅ እንዲርቅ ብለው ኒውዮርክ አስገብተውት ነበር። ሥራም ነበረው፣ ደኅንነትም ነበረው። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው ተመለሰ። ሚያዝያ 9 ቀን 1945 ፍሎሰንቡርግ በተባለው ማጎሪያ ካምፕ ተሰቀለ። በዚህ ምክንያት ቄስ ጉዲናን "የኢትዮጵያው ቦንሆፈር" የሚሏቸው አሉ። ቦንሆፈርን "የጀርመኑ ጉዲና" ያለው ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

የቄስ ጉዲና ቀን ሐምሌ 21 ነው አልኳችሁ። ማግስቱን፣ ሐምሌ 22ን፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ወይም ማወቅ ነበረባችሁ። በ1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ጥይት የተገደሉበት ቀን ነው። ከእሳቸው የተፈለገው ብዙ አልነበረም፤ አርበኞቹን ማውገዝ፣ ለጣሊያን ተገዙ ብሎ ለሕዝቡ መናገር። በአንድ አፍ የሚወጣ ነገር። እንቢ አሉ። ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሥራ ተብሎ ተነስቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል። በሕይወታቸው አልነቃነቅም ያሉትን አባት ያነቃነቃቸው ባቡር ብቻ ነው ማለት ነው።

ሦስቱን ሰዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አየሁ። ሦስቱም ፊት ክፍት በር ነበር። ታንዛኒያ፣ ኒውዮርክ፣ አንድ አረፍተ ነገር። መውጣት ይችሉ ነበር። በሩን አይተው፣ ከበሩ ውጪ ያለውን ምቾት አውቀው፣ ቀሩ። ደግሞም የቀሩት ሌላ ሰው ስላለ ነው፤ ጉባኤ፣ ሕዝብ፣ አገር። ስቃይ ለራሱ ሲባል የሚፈለግ ነገር ነው ብለው አልቀሩም። ቄስ ጉዲና'ኮ ወደ እስር ቤት ሄደው "እባካችሁ እሰሩኝ" አላሉም።

የጓደኛዬ በር ግን የተዘጋው ከውጪ ነው። ሥራዋን የተወችው ባሏ "ልጅ አሳድጊ" ስላላት ነው፤ የራሷ ገቢ የላትም። ቤተሰቦቿ ክፍለ ሀገር ናቸው። ልጅ አለቻት። የቀራት አንድ በር ቤተ ክርስቲያኗ ነበረች፤ እሷን አንኳኳች፤ "መስቀልሽ ነው" ብለው ዘጉባት። አማራጭ የሌለው ሰው የሚቀበለውን መከራ መሥዋዕት ብሎ መጥራት ለሚመታው ሰው የሚያመች አጠራር ነው። የአገሪቱ ሕግ እንኳ ሌላ ስም ሰጥቶታል፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት ወንጀል ነው ይላል።

እዚህ ላይ ግን አሳቤን የምታስቸግር አንዲት ሴት አለች። ልዘላት አስቤ ነበር፤ ጽሑፉ ያለ እሷ ይቀለኝ ነበር።

ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ የቄስ ጉዲና ባለቤት ናቸው። ያን ማታ አብረው ታፍነው ነበር፤ እሳቸውን ከከተማ ውጪ ጥለዋቸው ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ መልሰው አሰሯቸው። ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ለአሥር ዓመት ያህል ታሰሩ፤ ተገረፉ፣ ተሰቃዩ። ታሪካቸውን ለኖርዌያዊት ጸሐፊ ነግረው መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል። ያረፉት በ2007 ዓ.ም. ነው። ባል በአንድ ሌሊት የከፈለውን ሚስት አሥር ዓመት ሙሉ በየቀኑ ከፈለችው ማለት ነው። ያቺ የሉቃስ "ዕለት ዕለት" በትክክል የማን እንደሆነች አሁን ገባኝ።

ታዲያ ቄስ ጉዲና "አልሄድም" ሲሉ የካዱት ራሳቸውን ብቻ ነው ወይ? ሚስታቸውንና ልጆቻቸውንስ? ይህን ጥያቄ ለአንድ የማከብረው አገልጋይ ሳቀርብለት "እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከሰማዕት ላይ አይነሳም" አለኝ። እኔ ደግሞ መነሳት አለበት ባይ ነኝ። ማንኛውም ትልቅ መሥዋዕት ጎኑ ያለውን ሰው ሳይነካ አያልፍም። ወይዘሮ ፀሐይ የባላቸውን እምነት የሚጋሩ፣ ራሳቸውም ደቀ መዝሙር የሆኑ ሴት ነበሩ፤ ስለዚህ ታሪካቸውን "ባሏ ያመጣባት ጣጣ" ብሎ ማሳነስ ሌላ ስድብ ነው። ያም ሆኖ ሰማዕት እያልን የምናስበው እሳቸውን ነው፤ እሷን "የቄስ ጉዲና ባለቤት" ብለን እናልፋታለን። (ተመልከቱ፣ እኔ ራሴ ከላይ እንደዚያው ነው ያስተዋወቅኋቸው። አሁን ደግሞ "አንቺ" አልኳቸው። አላስተካክለውም፣ ይታይ።)

መልስ አለኝ አልልም። ግን አንድ ልዩነት ይታየኛል። ቄስ ጉዲና ቤተሰባቸው ላይ የመጣውን ሰይፍ አልያዙም፤ የያዘው ደርግ ነው። ጥርሳቸውን ነክሰው ከቤተሰባቸው ጋር እዚያው ሰይፉ ሥር ቀሩ። ሽማግሌዎቹ ግን ከሰይፉ ሥር ወጥተው፣ ወንበር ስበው ተቀምጠው ነው "ቻዪው" የሚሏት።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን ልዙር፤ የዛሬ አንባቢዎቼ የሚበዙት እዚያ ስለሆነ። "ታዲያ ጥሩ አልሽ፤ ሰው መጀመሪያ ራሱን መውደድ አለበት" የምትሉኝ አላችሁ። ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ መንገድ ላይ የሚሸጡትን መጻሕፍት አይቻቸዋለሁ። ራስህን ውደድ፣ ራስህን አስቀድም፣ የማይመችህን ሰው ከሕይወትህ ቁረጥ። ለጓደኛዬ ከሽማግሌዎቹ ምክር ይህ ይሻላት ነበር፤ እውነት ነው። ግን እኔ የምለው ይህን አይደለም። ሁላችንም ራሳችንን ካስቀደምን እሷ ስታንኳኳ በር የሚከፍት ማን ሊኖር ነው? በር መክፈት እንቅልፍ ያሳጣል፣ ገንዘብ ያስወጣል፣ ከሰው ያጣላል። አንድ ሰው ራሱን ካልካደ ያ በር አይከፈትም።

ለዚህ ነው መስቀሉ የማን ነው የምለው። ያን ዕለት ጓደኛዬ በገባችበት ቢሮ ውስጥ በእርግጥም መስቀል ነበረ። ባሏ የሕንፃ ኮሚቴ አባል ነው። እጁ የሚሰጥ ሰው ነው። እሑድ ምስክርነት ላይ ሲቆም ጉባኤው እልል ይላል። ሽማግሌዎቹ እሱን ጠርተው "እጅህን ሰብስብ፤ እስክትመለስ ድረስ መድረክ ላይ አትቆምም" ቢሉት ሊቆጣ ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ሊቀይር ይችላል። የአዳራሹ ጣሪያ ለሌላ ዓመት ሊቆይ ይችላል። "ጉባኤውን በተናችሁ" ሊባሉ ይችላሉ። ከመካከላቸው አንዱ እሷንና ልጇን ለአንድ ወር ቤቱ ቢያስጠጋ ሚስቱ ልትማረር ትችላለች። ይህ ሁሉ ዋጋ ነው፣ የሚያም ዋጋ። እነሱ ፊት በር ነበራቸው፤ መክፈትም መዝጋትም ይችሉ ነበር። መስቀሉ የእነሱ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አዩት፣ ከበዳቸው፣ አንስተው ለእሷ ሰጧት።

ክፉ ሰዎች ናቸው ብዬ አላምንም። አንደኛው እኔን ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማረኝ ሰው ነው፤ ከረሜላ ይዞልን ይመጣ ነበር። ምናልባት ለእነሱም ወጣት ሳሉ ማንም ሌላ ነገር አላስተማራቸውም። ይህ ግን ዓይኗን አይፈውሰውም።

ከራሴ ልጀምር ብዬ ወደ ኋላ ያቆየሁት ነገር ይኸው ነው። ከካፌው ቀን ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ማታ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ለጥቂት ቀን አንቺ ጋ ብመጣስ?" አለችኝ። እኔ ጀሞ አንድ ስቱዲዮ ተከራይቼ ነው የምኖረው። አልጋ አንድ ነው። አከራዬ እንግዳ አይወዱም። ያን ሳምንት ደግሞ ማስረከብ የነበረብኝ ጽሑፍ ነበረኝ። ይህን ሁሉ በየተራ ነገርኳት። እውነት ነበር፣ አንዱም ውሸት የለበትም። "እስቲ ነገ በደንብ አስቢበት" አልኳት። እሷም "ልክ ነሽ" አለችኝ። ያ "ልክ ነሽ" ነው እስካሁን የሚያነቃኝ።

በአማርኛችን ጴጥሮስ እሳት እየሞቀ ያደረገውና ደቀ መዝሙር በራሱ ላይ እንዲያደርግ የታዘዘው በአንድ ቃል ነው የሚነገረው፤ ካደ። ያን ማታ እኔም ክጃለሁ። ራሴን ግን አልነበረም።

ጉዲናን ሳነብ፣ ስለ ቦንሆፈር ማስታወሻ ስይዝ፣ ሰዎቹን ሳደንቅ ስንት ቀን እንዳለፈኝ አትጠይቁኝ። ሰማዕታትን ማድነቅ በጣም ደስ የሚል ሥራ ነው። ምንም አያስወጣም።

ከአምስት ሳምንት በፊት ደወልኩላትና "ነይ" አልኳት። ልጇን ይዛ፣ በሁለት ፌስታል ልብስ መጣች። እሷና ልጅቷ አልጋው ላይ ይተኛሉ፣ እኔ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቼ። ለአከራዬ እህቴ ናት ብያቸዋለሁ፤ በወሩ መጨረሻ ኪራይ ላይ ጨምሪ ብለውኛል። ልጅቷ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትነቃና "ታታ፣ ተነሺ" እያለች ፀጉሬን ትጎትታለች። በሦስተኛው ሳምንት ተነጫንጬ ነበር፤ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሆኜ "መቼ ነው የሚሄዱት" ብያለሁ፤ ሳትሰማኝ አልቀረችም፤ ምሽቱን እንጀራ አላነሳችም። ይቅርታ ጠየቅኳት። በማግስቱ ደግሞ እንደገና ተነጫነጭኩ። ራስን መካድን በተመለከተ ልምዴ እስካሁን ይህን ይመስላል።

ሥራ እየፈለገች ነው። የሒሳብ መዝገብ መያዝ ትችላለች፤ ክፍት ቦታ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ባሏ ሽማግሌዎቹ ጋ ሄዶ "ሚስቴን አስኮበለለችብኝ" ብሎ ከሶኛል። ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሁለታችንም ተጠርተናል። እሷ መነጽሯን ቤት ትታ ልትሄድ ነው፤ ዓይኗ ድኗል፤ ግን ሳትሸፈን ሊያዩኝ ይገባል ትላለች። እኔ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይዤ እሄዳለሁ። ሌሊት ላይ ደጋግሜ ብጽፈውም መጨረሻ ላይ አጠረ፤ የእናንተ ቤት ስንት ክፍል አለው የሚል ነው።

የሚሉንን እጽፍላችኋለሁ።